ጣሪያ ላይ የተመታችው መንኮራኩር

አውራ ጣቴ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም አለ። በሳሙና አጠብኩት፣ በቤንዚን ፈተግኩት፣ በምላጭ ፋቅኩት፤ ጥፍሬ ሥር የገባው ግን ወይ ፍንክች። በአሴቶን እንዳላስለቅቀው ጠርሙሱን የመንኮራኩሯ ክንፍ ላይ ጨርሼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ሰፈሬ ከዚራ ላይ ከባጃጅ ስወርድ ሒሳቡን ስዘረጋ ሹፌሩ ጣቴን አየና ፊቱን አዞረ። እየሳቀ እንደሆነ ከትከሻው አወቅኩ። ምን ብዬ ላስረዳው? የጠፈር መንኮራኩር እያደስኩ ነው ልበለው? እሱማ ይብሳል።

ሽታውም አልለቀቀኝም። ጣቴን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ ያ ጣፋጭ የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ካለሁበት ይነቅለኝና የደቻቱን ወንዝ አሻግሮ መጋላ ሰፈር ያወርደኛል፤ የጓደኛዬ አክስት ግቢ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር፣ ጉልበቴ ሳይንቋቋ ቁጢጥ እል የነበረበት ቦታ።

መጀመሪያ ስለ እኔ አንድ ነገር እወቅ። በዚህ በድሬዳዋ ከተማ ሬዲዮ ታሞ በእጄ ያልዳነ የለም። ሰዓቱንም፣ የልብስ ስፌት መኪናውንም፣ ቬንትሌተሩንም ያመጡልኝን ሁሉ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር፤ ዛሬም የምኖረው እሱ በኖረበት በከዚራው ቤት ነው። በባቡሩ ጋራዥ ፈረንጅ ያሠለጠናቸው መካኒኮች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ፣ እኔ ገና ልጅ ሆኜ ፈትቼ የገጠምኩትን የግድግዳ ሰዓት አይቶ «ይሄ ልጅ የማን ነው?» ብሎ ጠይቋል። ይህን የምነግርህ ለጉራ አይደለም። ቀጥሎ የሆነውን ስትሰማ ነገሩ የሙያ ማነስ እንዳይመስልህ ነው።

ጓደኛዬ የመጋላ ልጅ ነው፤ ሶማሌ ነው። ያሳደገችው የአባቱ እህት ናት። በእነሱ ቋንቋ የአባት እህት ኤዶ ትባላለች፤ እኛም የሰፈሩ ልጆች ሁላችን ኤዶ እንላት ነበር። በባቡር ጅቡቲ እየተመላለሰች ጨርቅ ትነግድ ነበር። ግዙፍ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ከሎኮሞቲቭ ፊሽካ አያንስም። ጨርቅ ብትሸከም፣ ከፈታሽ ጋር ብትጨቃጨቅ፣ በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ አቧራ ስትቅም ብታድር፣ ጥፍሯ ሁልጊዜ የተቀባ ቀይ ነበር።

አንድ ቀን ከጅቡቲ ስትመለስ ከጨርቁ ጥቅል መሐል አንድ ካርቶን ወጣ። ክዳኑ ላይ በጥቁር ሰማይ ውስጥ የምትበር ነጭ መንኮራኩር ተስላለች። ኤዶ የገዛችው ጀልባ መስሏት ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ጀልባ ምን እንደሚሠራላት አልጠየቅናትም። ስትከፍተው ውስጡ ስብርባሪ ሆነባት፤ ጣት የሚያህሉ፣ ጥፍር የሚያህሉ ነጫጭ ፕላስቲኮች በቀጭን ፍሬም ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተያይዘዋል።

«ሰብረው ሸጡልኝ!» አለች። «ወላሂ፣ ሰብረው ነው የሸጡልኝ!»

የጅቡቲውን ነጋዴ ከነዘር ማንዘሩ ስትረግመው፣ እኔ የክዳኑን ሥዕል አየሁና «አልተሰበረም ኤዶ፤ ገና አልተሠራም» አልኳት።

«ያልተሠራ ዕቃ ይሸጣል እንዴ?»

ይህ ጥያቄ ዛሬም መልስ ያገኘ አይመስለኝም። በመጨረሻ ካርቶኑን በእግሯ ወደ እኛ ገፋ አደረገችና «እንግዲያው ጠግኑት፤ ከዳነ የናንተ ነው» አለችን።

ካርቶኑ ውስጥ ሙጫ አልነበረም። አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ ያለውን ፊደል እኔም ጓደኛዬም ከዚያ በፊት አይተነው አናውቅም። ሥዕል ግን ነበረው፤ ለእኔ ሥዕል ይበቃኛል። ሙጫውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ኤዶ የጥፍር ቀለም የምታስለቅቅበት ጠርሙስ አንድ ጊዜ ማበጠሪያዋ ላይ ፈስሶ፣ ጥርሶቹ ለስልሰው እርስ በርሳቸው ሲጣበቁ አይቼ ነበር። ሌላው ሰው ማበጠሪያ ተበላሸ አለ፤ እኔ ሙጫ አየሁ። ከፍሬሙ ላይ ቁርጥራጭ ከትፌ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ ከአሴቶኑ ጋር ዘፈዘፍኩት፤ እንደ ማር ወፈረ። በክብሪት እንጨት እየነከርን ገጠምናት። አሁን በስልክ እንዳየሁት በውጭ አገር ሰዎች ይህንኑ በጠርሙስ አሽገው ይሸጣሉ። እኛ አገኘነው ይላሉ። ይበሉ።

ጓደኛዬን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልነካካውም። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ያንጠለጥልበታል። «አቦ፣ ቶሎ በላ! ትብረር እንጂ!» ይለኛል። እጁን በጥፊ እመታዋለሁ፤ ይሰበስበዋል፤ ዞር ስል መልሶ ይነካል። ከአጥሩ ማዶ የልብስ ሰፊው መኪና ይንቀጫቀጫል፤ ባቡሩ ለመንቀሳቀስ ሲያፏጭ ውሾች ሁሉ ይጮኻሉ፤ እኔ ትንፋሼን ይዤ የምስር ፍሬ የምታህል መስኮት ቦታዋ ላይ አስቀምጣለሁ። እንዲህ ነበር የምሠራው። አሁንም እንዲሁ ነው።

ቀለም የቀባናት ዓርብ ረፋድ ላይ ነው። አባቴ ከሥራ የተረፈ ብርማ ቀለም በቆርቆሮ ነበረው፤ ከእሱ ቀዳሁ። ስንጨርስ ኤዶ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከላይ አየችን።

«ባዶዋን ናት» አለች። «ሴት ልጅ እንዲህ ሆና ከቤት አትወጣም።»

የጥፍር ቀለሟን አምጥታ አጠገባችን ተቀመጠችና ከመንኮራኩሯ አፍንጫ ጫፍ እስከ መስኮቷ አንድ ቀይ መስመር ሳበችላት። ያ ጨርቅ የሚገለብጥ ትልቅ እጅ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ጥፍሯን እንደምታደርቀው ጎንበስ ብላ እፍ አለችባት። እኔ ለሰው ሥራ አድናቆት አላባክንም፤ ያን መስመር ግን አደነቅኩ።

የአባቴን ምሳ የማደርሰው እኔ ስለነበርኩ ወደ ጋራዡ መሮጥ ነበረብኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ለጁምዓ ሰላት ሊሄድ ነው። «እንዳትነካት» አልኩት። «አብሽር» አለኝ።

በዚያ ግቢ የሚደርቅ ነገር ሁሉ ጣሪያ ላይ ነው የሚወጣው። የተዘለዘለው ሥጋ፣ የታጠበው ጫማ፣ የትራሱ ጥጥ፣ ሁሉም ቆርቆሮው ላይ ይሰጣል። በድሬ ቀትር ያወጣኸው ነገር ሰዎች ከመስጊድ ሳይመለሱ ደርቆ ይጠብቅሃል። ጓደኛዬ እርጥብ ቀለም አየ፣ ጣሪያ አየ፣ አወጣት። የትኛውም የዚህ ከተማ ልጅ ያንኑ ያደርግ ነበር። ያን ቀን ግን ይህ ሐሳብ አላበረደኝም።

ስመለስ ነጭ ኮፍያውን ሳያወልቅ መሰላሉ ላይ ቆሞ አገኘሁት። አልዞረም። ወጣሁና በትከሻው ላይ አሻግሬ አየሁ። አንደኛው ክንፏ ቆርቆሮው ላይ ተኝቶ የቆርቆሮውን ሞገድ ይዞ ቀርቷል፤ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ፣ ልክ እንደ ጣሪያው። ሙጫው ውስጥ ያለው አሴቶን አለሰለሰው፣ ፀሐዩ ጨረሰው። ከጎኗ የተሰጣው ሥጋ ደህና ደርቋል።

ምን ምን እንዳልኩት አሁን አላስታውሰውም፤ ብዙ ነው። ኤዶ «ማነው የሞተው?» እያለች ከውስጥ ወጣች። ጓደኛዬ መንኮራኩሯን በሁለት እጁ ይዞ ወረደ፣ ጥላው ውስጥ ተቀመጠ፣ አገላበጣት፣ ያንን የተጎረበጠ ክንፍ በጣቱ ከወዲያ ወዲህ ዳሰሰው። ጮኼ ጮኼ ሲደክመኝ ቀና አለ።

«አልቀለጠችም» አለኝ።

«ምን ሆና ነው ታዲያ?»

«ተመትታ ነው። ከጦርነት ስትመለስ ክንፏን መቷት። ግን መጣች።»

«ማን ነው የመታት?» አልኩ። ይህን የጠየቅኩ ጊዜ አለቀልኝ። ከዚያ ወዲያ ልቆጣው አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ ደቻቱ ወሰድናት። ያኔ ወንዙ እንደ አብዛኛው ጊዜ አሸዋ ብቻ ነበር፤ ከመጋላ ከዚራ የሚያሻግር ሰፊ፣ ለስላሳ፣ እግር የሚያቃጥል አሸዋ። በአፍንጫዋ ቀበርናት። ሚስማር በከሰል አግለን ጎኗን በሳነው፤ ጥይት ነው። ጓደኛዬ አብራሪው ሆነ፤ ሞቶ የማያውቅ፣ በሶማሊኛ በሬዲዮ ዕርዳታ የሚጣራ። እኔ መካኒኩ ነበርኩ፤ ከአባቴ ጋራዥ የለቀምኳቸውን የፈረንሳይኛ ቃላት ትርጉማቸውን ሳላውቅ እየደረደርኩ አዛለሁ። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል አሸዋው የመዳብ መልክ ይይዛል፤ አህዮቹ ውኃ ጭነው ሲያልፉ የሚያነሱት አቧራ እንደ ጭስ በላይዋ ያልፋል። እውነት ነበር የሚመስለው። አሁን ሰዎች ዓለም ላይ አዲስ ሞዴል ገዝተው ሆን ብለው በጦርነት የተጎዳ አስመስለው እንደሚሠሩ በስልክ አሳዩኝ። ድሬዳዋ ላይ ይህ የቆየ ሥራ ነው።

ከዚያ ዕድሜ ሄደ። ኤዶ ሞተች። ያ ባቡር ቆመ። ጓደኛዬ የኤዶን ሱቅ ይዞ ልጆቹን አሳደገ፤ እኔ የሰው ሬዲዮ ስፈታ ኖርኩ። መንኮራኩሯ የተቀመጠችው እኔ ቤት ቁምሳጥን ላይ ነው፤ እሱ ቤት ልጅ በዝቶ። በየበዓሉ ሲመጣ ቀና ብሎ ያያታል፤ «ያቺ የተመታችው አለች?» ይላል፤ እንበላለን፤ ያበቃል።

ባለፈው ክረምት ግን መጥቶ ቀና ሲል አቅጣጫውን ሳተ። ቁምሳጥኑን ትቶ መጋረጃውን ነበር የሚያየው። ስኳሩ ዓይኑን እንደያዘው አውቅ ነበር፤ እዚያ መድረሱን አላወቅኩም።

«የቀረኝ ጥላ ነው» አለኝ። «ሐኪሙ እሱም አይቆይም ብሏል። አውርዳትና አንዴ በደንብ ልያት።»

ወንበር ላይ ወጥቼ ሳወርዳት በእጄ ላይ ተበተነች። ሙጫዬ አልለቀቀም፤ ይህን ልብ በል። ፕላስቲኩ ነው በሙቀት ብዛት እንደ ብስኩት ሆኖ ከሙጫው አጠገብ የተሰነጠቀው።

«እንዲሁ አሳየኝ» አለ።

«እንዲህ ሆና አላሳይህም። ጠብቅ፤ አድሳታለሁ።»

ሊጨልምበት ላለ ሰው የመጨረሻ ዕይታ ስብርባሪ አይሰጥም። ጠረጴዛዬን መስኮቱ ሥር አደረግኩና ሥራ ጀመርኩ። ፍላጎቴ አዲስ ማድረግ አልነበረም። ተመትታ የወደቀች፣ ዓመታት አሸዋ ላይ የተኛች፣ አይቶ «እውነት ነው» የሚያስብል ስብራት ነው የፈለግኩት። ይህ ደግሞ ዕውቀት ይጠይቃል። ብረት ሲቀደድ እንዴት እንደሚቀደድ ለማየት ከጣቢያው አጥር ውጭ ቆሜ የተጣሉትን አሮጌ ፉርጎዎች ሳጠና ዋልኩ። ዘበኛው «አባባ፣ የጠፋ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዝገት ከብሎን ሥር ይጀምራል፤ ዝናብ በሄደበት ይወርዳል፤ ቀለም ካበጠ በኋላ ነው የሚላጠው። ይህን በትምህርት ቤት አያስተምሩም። መርፌ አግዬ የቀዳዳዎቹን ጠርዝ እንደ ቅጠል አጠፍኩ። ከሬዲዮ አንጀት የወጣ የመዳብ ሽቦ በቁስሏ በኩል አንጠለጠልኩ። ዝገቱ እውነተኛ ዝገት ነው፤ ከሐዲድ ቁራጭ ላይ ፍቄ፣ ወቅጬ፣ በቫርኒሽ የለወስኩት። ጥላሸቱን በሻማ አጨስኩ። አሸዋው የደቻቱ ነው።

ግን የሚያሠራ የለም። ቀለም ስቀባ ንፋስ ይነሳል። ንፋሱን ለመከላከል መስኮቱን ስዘጋ መብራት ይጠፋና ቬንትሌተሩ ይቆማል፤ ላቤ ቀለሙ ላይ ይንጠባጠባል። ባለቤቴ ደግሞ የሻይ ማጥለያዋን አሸዋ ውስጥ አገኘችው።

«ሽማግሌ ሆነህ አሸዋ ትጫወታለህ?»

«ወንፊቱ ዓይኑ ሰፊ ነው። ይሄ ሥራ ልኬት አለው።»

«እኔም ልኬት አለኝ» አለችና ያን ቀን ሻይ ቀረብኝ።

ከሁሉም የባሰው ጓደኛዬ ነው። በየጠዋቱ በባጃጅ ይመጣል፤ ገና ከበሩ ይጣራል።

«ወርያ! አለቀች?»

«አላለቀችም።»

«እኔ ሳልቅ ልታልቅ ነው?»

«አንተ ነህ የምታዘገየኝ። ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

ይቀመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ወንበሩን በዓይኑ ይፈልግ ነበር። በኋላ በእግሩ ይፈልግ ጀመር። በኋላ ባለቤቴ ክንዱን ይዛ ታስቀምጠዋለች። ይህን ሁሉ እያየሁ እኔ አንድ ቀዳዳ ጠርዙ አልጣመኝም ብዬ ደግሜ እሠራለሁ። ምን ላድርግ? ያልጣመኝን ሥራ ከእጄ አውጥቼ አላውቅም።

ክንፉም አልጣመኝም ነበር። የትኛውም መሣሪያ ብረት ሲመታ እንዲያ እኩል እኩል ሞገድ አያወጣም። ያ የጦርነት ጉዳት አይደለም፤ የጣሪያ ጉዳት ነው። ስለዚህ በፈላ ውኃ አለስልሼ በሁለት ሸክላ ንጣፍ መሐል ተጭኜ አቃናሁት፤ ከዚያ በወጉ፣ ጥይት በሚገባበት አቅጣጫ ቀደድኩት። ከአፍንጫዋ ላይ የቀረውን ቀይ የጥፍር ቀለምም ፋቅኩ፤ ከዝገቱ ጋር አይሄድም። ስታልቅ አየኋትና ለብቻዬ አጨበጨብኩ። አሁንም እላለሁ፤ ከዚያ የተሻለ ስብራት ማንም አልሠራም።

በማግስቱ ጠዋት ጓደኛዬ ሲመጣ ከበሩ አልተጣራም። ግድግዳውን እየዳሰሰ ገባ። ትናንት ከመስኮቱ በኩል ብርሃን ያውቅ ነበር፤ ዛሬ መስኮቱ በየት እንዳለ ጠየቀኝ።

«አለቀች» አልኩት።

«አምጣት» አለና ሁለት እጁን ዘረጋ።

እጁ ላይ ሳስቀምጣት ጣቶቹ ወዲያው ሥራ ጀመሩ። ያን ሽቦ አጣመሙት፣ ያን ዝገት አረገፉት። ልቤ ተቃጠለ። በአሸዋው ላይ፣ በጎኗ ላይ፣ በቀዳዳዎቹ ላይ ሄደና ክንፉ ላይ ደረሰ። ዳሰሰው። አዙሮ ሌላኛውን ክንፍ ዳሰሰ። ተመልሶ ያንኑ ዳሰሰ።

«ይቺ የማን ናት?» አለኝ።

«የማን ትሆናለች? የኛ ናት!»

«የኛይቱ ክንፏ ቆርቆሮ ነበር።»

«አቃንቼው ነው። ያ ስህተት ነበር፤ ይሄ ትክክለኛው ነው፤ ቀዳዳውን አላየኸውም እንዴ...» ብዬ አፌን ያዝኩ።

«ጥሩ ሠርተሃል» አለ። ሰው ቤት ያልወደደውን ምግብ ቀምሶ እንደሚያመሰግን እንግዳ ነው ያለኝ። ጠረጴዛውን በመዳፉ ፈልጎ፣ በቀስታ አስቀምጦ፣ እጁን ጭኑ ላይ መለሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሰድበኝ ነበር። ያን ቀን አልሰደበኝም።

ብሽቀቴን ልነግርህ አልችልም። ያን ሁሉ ጊዜ ለዓይን ሠርቼ ዓይኑ የለም፤ ለጣቱ የነበረውን አንድ ነገር ደግሞ እኔው በእጄ ደምስሼዋለሁ። ባለቤቴ ከበሩ ሥር ቆማ አየችኝ፤ ያም አበሸቀኝ።

«ቆይ» አልኩት። «ውኃ አፍልቼ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ።»

«አይ» አለ። «ፀሐይዋ ትሥራው።»

«ምን ለውጥ አለው?»

«እሷ ናት የመታቻት።»

ከሙጫዬ የተረፈውን አሴቶን አሟጥጬ የክንፉን ሆድ ቀባሁ። መሰላል አቆምኩ። ባለቤቴ «ትወድቃለህ! ሰዎች ምን ይሉኛል?» እያለች መሰላሉን ያዘች። በቀትር፣ በዚህ ጉልበት፣ ቆርቆሮው መዳፌን እየላጠው ወጣሁና መንኮራኩሯን ጓደኛዬ ያኔ እንዳስቀመጣት አድርጌ አስቀመጥኳት፤ ክንፉ ላይ የአሸዋ ከረጢት ጫንኩ። ያ ያበጠ ዝገት፣ ያ ጥላሸት፣ ሁሉም እንደሚበላሽ አውቅ ነበር። አወጣኋት።

ከዚያ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ያኔ ሳንጠይቃት ያቀለጠችው ፀሐይ ልክ ስንፈልጋት ደመና ውስጥ ገባች። ተነሳሁ፣ ሰደብኳት፣ ተቀመጥኩ። እሱ ይስቃል።

«አቦ ተረጋጋ። ሰላት ገና አልደረሰም።»

አዛኑ ተሰማ። ተነስቶ ሰገደ፤ አቅጣጫውን ክንዱን ይዤ አሳየሁት። ሲጨርስ ደመናው ሄዶ ነበር። ቆርቆሮው ጠሽ፣ ጠሽ ማለት ጀመረ፤ ብረት ሲግል የሚያሰማው ድምፅ ነው። ሁለታችንም ቀና አልን። እሱ ምን እንደሚያይ አላውቅም።

ሳወርዳት ቀለሙ ተጎርብጦ፣ ዝገቱ ተሰነጣጥቆ፣ ከአንዱ ጎን ተልጦ ነበር። ክንፉ ግን ሞገዱን ይዟል፤ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ። እጁ ላይ አስቀመጥኳት። ጣቱ በመጀመሪያው ጉብታ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ በሁለተኛው ላይ ወጣ። እዚያ ቆመ።

«አሁን ተመታች» አለ።

ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይዟት ቆየ። ከዚያ ድንገት፣ እኔ ባልጠበቅኩት ሰዓት፦

«የኤዶስ መስመር?»

«አለ» አልኩት።

የለም። በእጄ ፍቄዋለሁ። ግን አለ አልኩት፤ «የት?» ሲለኝ ጣቱን ይዤ አፍንጫዋ ላይ፣ ባዶው ዝገት ላይ አሳረፍኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሊወስዳት ሲነሳ «ቀለሙ ይድረቅ፤ ሌላ ቀን» ብዬ አስቀረኋት።

እኔ በሥራዬ ዋሽቼ አላውቅም። ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ የሰው ሬዲዮ መልሼ አላውቅም። ስለዚህ እሱ እንደሄደ ወደ መጋላ ወረድኩና መዋቢያ ከምትሸጥ ልጅ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠየቅኩ። «ለማን ነው አባባ?» አለችኝ፤ «ለመንኮራኩር» አልኳት፤ ጓደኛዋን ጠርታ ደገመችላት። ቤት ገብቼ፣ ጣቱን ባሳረፍኩበት ቦታ፣ ከአፍንጫዋ እስከ መስኮቷ መስመር ሳብኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሁለት ጊዜ ጠርጌ ደገምኩት፤ አውራ ጣቴ የተበላሸው ያኔ ነው። እንደ ኤዶ ቀጥ አላለልኝም። ማንም እንደማያየው አውቃለሁ። እሱም አያየውም። ይሁን፤ አለ ብያለሁ፣ አለ።

ሽታውን ግን አላሰብኩትም። ሁሉ ነገር በቅጽበት በሚደርቅበት አገር ሽታው አልወጣ አለ። ንፋስ ላይ አወጣኋት፤ ቬንትሌተር አበራሁባት፤ ምንም። ትናንት በስልክ «ልምጣና ልውሰዳት» ሲለኝ «ነገ ይሁን» አልኩት። ሳይሰማኝ መጣ።

እንደ ወትሮው ባለቤቴ አስቀመጠችው። ጭኑ ላይ አደረግኩለት። ክንፉን ዳሰሰ፤ ረካ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፊቱን አስጠጋና ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። ቀና አላለም። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚስቅ መሰለኝ፤ ኋላ እንዳልሆነ አወቅኩ።

«ኤዶ መጥታ ነበር?» አለኝ።

«አሁን ነው የወጣችው» አልኩት።